መብረቅና ብልጭታ

«ሌባ ባንድ ለሚወድ ሰው እህቴን አልሰጥም» አለ አንሙት፣ እሑድ በማለዳ፣ ፊቱን እየታጠበ። የተናገረው ውሃ ለሚያፈሱለት ለእናቱ ለወይዘሮ ሥራነሽ ነበር፤ እህቱ የብርጓል ግን ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ታነጥፍ ስለነበር አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። የፊተኛው የአንሙት የልብስ ስፌት ሱቅ፣ የኋለኛው ሌላው ነገር ሁሉ ነው፤ መሃል ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ደግሞ ዓይን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ወይዘሮ ሥራነሽ ልጁ ምን ሰረቀ ብለው ጠየቁ። አንሙት ልጁ እንኳ ምንም አልሰረቀም፣ የሰረቀው ባንዱ ነው አላቸው። ባንድ ማለት ምን እንደሆነ ሊያስረዳቸው ጀመረና ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገባ። እናት ነገሩ ስላልገባቸው፣ ሽማግሌ የሚመጣው ዛሬ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ብቻ አስታውሰውት ነጠላቸውን ደርበው ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። የብርጓል ትራሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ቀረች። ሽማግሌ የላከው ደምለው ነው፤ ደምለውን ትወደዋለች፤ ደምለው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቁይ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ሊሄድ ነው። ዛሬ እምቢ ከተባለ የሚሄደው ብቻውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣት የሆነ ሁሉ ወይ የመብረቅ ነበር ወይ የብልጭታ። ሁለቱም አዲስ አበባ ያሉ፣ ጊታራቸውን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝተው የሚጮኹ ባንዶች ናቸው። አንዳቸውም ዓባይን ተሻግረው አያውቁም፤ ደጋፊዎቻቸውም በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። የሚመጣው ሸክላቸው ብቻ ነው፤ እሱም በአውቶቡስ ጣራ ላይ ከጨውና ከቆርቆሮ ጋር ታስሮ ሐጂ አብዱረዛቅ ሱቅ ይወርዳል። መጀመሪያ የመብረቅ ሸክላ መጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የብልጭታ ተከተለ፤ ያን ጊዜ ከተማው ለሁለት ተሰነጠቀ። የመብረቅ ወገን፣ ብልጭታ ጊታሩንም፣ ዘፋኙ መሃል ላይ የሚለቃትን ጩኸትም፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጥቁር መነጽር ሳይቀር ከመብረቅ ቀድቷል ይላል። ስሙንም ጭምር። የብልጭታ ወገን ደግሞ መብረቅ ራሱ ከፈረንጅ የቀዳ አይደል ወይ ብሎ ይመልሳል። አንሙት ለዚህ መልስ ነበረው፤ ፈረንጅ ሩቅ ነው፣ ከሩቅ መቅዳት ትምህርት ነው፣ ከጎረቤት መቅዳት ግን ሌብነት ነው ይላል። ይህን ሲናገር ጣቱን እንደ ዳኛ ያነሣል። በጣቱ ፊት የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ የጂኦግራፊ አስተማሪው ደምለው ነበር፤ የአምበር ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ፣ ከያዘው ነገር ግን በበሬ ቢጎትቱት የማይነቃነቅ።

አንሙት ክፉ ሰው አይደለም። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠና እህቱን እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማራት፤ ለጓደኞቿ በዓመት አንድ ቀሚስ ሲሰፋላቸው ለሷ ሁለት ነበር የሚሰፋላት። የብርጓል ይህን አትረሳም። የማትረሳው ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ቤልቦተሙ ነው። የአንሙት ሱሪ የሚባለው፣ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ሱሪ፣ ከአምበር እስከ ደብረ ወርቅ ስሙ የተጠራ ነው። ለስፌቱ ብቻ ስምንት ብር ይከፈልበታል፤ ሰዉም ሳይከራከር ይከፍላል። አሠራሩን ከየት አመጣኸው ሲሉት ግንባሩን በጣቱ ይነካና ከዚህ ነው ይላል። የብርጓል ያን ጊዜ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ የወደቀ የልብስ ቁልፍ ትፈልጋለች።

ረፋዱ ላይ የሱቁ በር ተንኳኳ። አንሙት ሐጂ አብዱረዛቅ ሱቅ ለክርክሩ ወጥቷል፤ የብርጓል ብቻዋን ነበረች። ስትከፍት ደምለው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል። ሰው ባለበት አንቱ ትለዋለች፣ ሰው በሌለበት አንተ፤ ይህን ያደረጉት ተነጋግረው አይደለም፣ በዓመት ውስጥ ሥፍር ቁጥር የሌለው ቁልፍ ሊያሰፋ ሲመላለስ እንዲያው የመጣ ነው። በአንድ ዓመት ያን ያህል ቁልፍ የሚረግፍበት ሰው ወይ ከጥጃ ጋር ይታገላል ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። እሑድ መርፌ እንደማይነካ ነገረችው። እሱም መርፌ አላልኩም፣ ማሳየት ብቻ ነው አለና ጋዜጣውን ፈታ። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ቤልቦተም ነበር፤ በደብረ ማርቆስ ምድር የመጀመሪያው። ሱሪውን ገለበጠውና የውስጥ ስፌቱን አሳያት። ከጉልበቱ በታች አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሯል።

«የዛሬ ዓመት ከፈታችሁበት ቦታ ላይ ነው የለቀቀው» አላት።

የብርጓል ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። የዛሬ ዓመት ደምለው ይህን ሱሪ ወገቡን አጥብቡልኝ ብሎ ሰጥቷቸው ነበር። አንሙት ወገቡን ማጥበቡን ትቶ ስፌቱን በሙሉ ተርትሮ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሳሙና አስምሮ ወረቀቱን ቆረጠ። እሷ ደግሞ መልሳ ገጠመችው። የልብስ ሰፊ ቤት ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ አዲስ አሠራር የሚገኘው ባለቤቱ ሳያውቅ ልብሱን ፈትቶ በመመለስ ነው። አዋቂ የሚባለውም ሲመልስ የማይታወቅበት ነው። ቤት ውስጥ ግን የነበረው ክር ጥቁር ብቻ ነበር፤ የሱሪው ክር ደግሞ ሰማያዊ። እሷ ከውስጥ ማን ያየዋል ብላ በጥቁሩ ሰፋችው። ደምለው ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ይዞ ይመለከት ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«በማግስቱ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ኖሮ ሌላ ልብስ ሰፊ መፈለግ ይኖርብኝ ነበራ» አለ ደምለው።

የብርጓል ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ወንድሟ ጠዋት ያለውን ነገረችውና ለመነችው፤ መብረቅ ቀዳሚ ነው፣ ብልጭታ ቀጂ ነው ብትል ምን ይጎድልሃል አለችው። ደምለው አሰበ፤ ከልቡ ነው ያሰበው፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ለሚስት ብዬ ዛሬ ብዋሽ ነገ የምነግርሽን ምኑን ታምኛለሽ አላት፤ ደግሞም እውነቱ ብልጭታ ይበልጣል፣ ከበሮው ብቻ እንኳ ቢሰማ ብሎ ሊቀጥል ሲል በሩን ዘጋችበት። ሱሪው እጇ ላይ ቀረ። ሁለት ወንዶች ሕይወቷን በሁለት ሸክላ መሃል አስቀምጠው አንዳቸውም ንቅንቅ ሳይሉ ቀሩ፤ በሁለቱም እኩል ተናደደች።

ወይዘሮ ሥራነሽ ከቅዳሴ ተመልሰው ምሳ ሲቀርብ ወንድሟን እንድትጠራ ላኳት። የሐጂ አብዱረዛቅ ሱቅ ደጃፍ እንደ ልማዱ በወጣት ተሞልቶ ነበር። ሐጂ አብዱረዛቅ ስኳር ይመዝናሉ፣ ላምባ ይቀዳሉ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንዴ የአንዱን አንዴ የሌላውን ወገን ሸክላ ያስደምጣሉ። ማን ይቀድማል ሲሏቸው ሲገዙት ሁለቱም አዲስ ናቸው ብለው ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ። አንሙት ጣቱን አንሥቶ ይናገራል፤ ፊት ለፊቱ የቆሙ የብልጭታ ወገኖች እየተቀባበሉ ይመልሳሉ። የብርጓል መሬት መሬት ስታይ ዓይኗ የሱሪዎቹ እግር ላይ አረፈ። የዚህኛውም ወገን ቤልቦተም፣ የዚያኛውም ወገን ቤልቦተም፣ ሁሉም ያው የሲሚንቶ ወረቀት የወለዳቸው ናቸው። ጠብ ላይ ያሉት ሰዎች ከወገባቸው በታች መንትያ ነበሩ። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው ብላ አሰበች። ቀጥሎ ደግሞ የሲሚንቶ ወረቀቱን ከጎኑ ሆና የያዘችለት እሷው እንደነበረች ትዝ አላትና ሳቁ ጠፋ።

አንሙት ሲወጣ ወደ ሐጂ አብዱረዛቅ ዞሮ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እርስዎ ነዎት አሉ፣ እንግዲያስ ሲመጡ ማጫወቻውን ይዘው ይምጡ፣ ያለዚያ ነገር አንጀምርም አላቸው። ሐጂም በእድሜያቸው ብዙ ሽምግልና ሄደዋል፤ ማር የተጠየቁበት አለ፣ ጊደር የተጠየቁበት አለ፤ የዘፈን ማጫወቻ ተሸክመው ሚስት ሊጠይቁ ሲሄዱ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ምሳ ላይ እናትና ልጆች አንድ መሶብ ከበቡ። አንሙት አንድ ጊዜ እህቱን ቀና ብሎ አያትና ወጡ ጨው በዝቶበታል አለ። ጨው አልበዛበትም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ከፊት መቋሚያቸውን የያዙት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ፤ የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፣ ዜማ አስተማሪ፣ ለሽምግልና አንድ ደጅ ሁለት ጊዜ አልረግጥም የሚሉ። ቀጥለው ስማቸውን ማንም የማያውቀው፣ ከተማው በሙሉ ባላምባራስ ብቻ የሚላቸው አዛውንት፤ ከኋላ ማጫወቻውን እንደ ሕፃን ያቀፉት ሐጂ አብዱረዛቅ። እናትና ልጅ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኑ። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም፤ የልጅ ጠያቂ ቆሞ ይናገራል፣ ባለቤቱ ተቀመጡ ያለ ዕለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። መሪጌታ፣ እህትህን ለልጃችን ለምነን ልጃችንን ወንድም ልናደርግልህ መጥተናል አሉ። አንሙት ብድግ ብሎ ሰገደላቸው። በዘሩም ነውር አላገኘሁበትም፣ በሥራውም ነውር አላገኘሁበትም፣ አለ፤ ግን ሰው የሚታወቀው በጆሮው ነው፣ ኦሪጅናሉን ከቅጂው መለየት የማይችል ሰው እህቴን ከሌላ ሴት መለየቱን በምን አምናለሁ አለ። ከዚያ የመብረቅን ሸክላ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ማጫወቻ ላይ አስቀመጠ።

ሦስቱ አዛውንቶች ቆመው አዳመጡ። ጊታሩ እንደ ቀንድ ከብት ሲያጓራ ባላምባራስ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። አንሙት ቀጥሎ የብልጭታን አስደመጣቸው። ሲያልቅ መሪጌታ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ድገመው አሉት። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሁለቱንም አከታትሎ ሲያስደምጥ መቋሚያቸው ወለሉን ቀስ ብሎ ይመታ ጀመር። ባላምባራስ በዚህ መሃል ጉልበታቸውን እያሹ ቀድሞ የተወለደ ይቀድማል፣ ይኸው ነው፣ ብለው ፍርድ ሰጥተው ነበር፤ የሰማቸው ግን የለም። መሪጌታ ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ወይ ጉድ፣ ይሄ የኋለኛው ልጅ እንዴት ያለ ደቀ መዝሙር ነው» አሉ። «መምህሩ ባነሣበት አነሣ፣ በጣለበት ጣለ፣ ባረገረገበት አረገረገ። አንዲት እንኳ አላጎደለም። ከኔ ተማሪዎች እንዲህ ያለ አንድ ባገኝ ዓይኔን ብከድን አይቆጨኝም።»

መሪጌታ ይህን ያሉት ደምለውን ሊረዱ ነው። በዜማ ቤት ከመምህሩ ዜማ አንዲት ምልክት ያጎደለ በዱላ ይመታል፣ ከራሱ የጨመረ ደግሞ ይባረራል፤ ምስጉኑ እንደ ተቀበለ የሚመልሰው ነው። ብልጭታን እስከ ሰማይ ማመስገናቸው ነበር። አንሙት ግን እጁን አጨበጨበ። ዓመት ሙሉ የተሟገተበትን ነገር የጠያቂው ሽማግሌ በገዛ አፋቸው መሰከሩለት። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው ወደ ሐጂ አብዱረዛቅ ዞሩ፤ ሐጂ በጆሯቸው አስረዷቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለመሪጌታ ያን ዕለት ሁለቱም አብረው የሆኑ መሰላቸውና እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ።

«እኔ እኮ ማመስገኔ ነው» አሉ።

«በእርስዎ ቤት ምስጋና ነው መሪጌታ፣ በኔ ቤት ሌብነት ነው» አለ አንሙት፤ ድምፁ ግን እንዳሰበው ደስ ያለው አልነበረም። ሸክላው አልቆ መርፌው በባዶ ይዞራል፤ ክሽ፣ ክሽ ይላል። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። አንድ ደጅ ሁለት ጊዜ እንደማይረግጡ ሁሉም ያውቃል።

የብርጓል ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉንም ሰማች። ሱሪው በጋዜጣው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ወጥታ እውነቱን ብትናገር የወንድሟ ስም በከተማው ይበላሻል፤ ያሳደጋት ሰው ነው፣ ከሱ የተሻለ ወንድም አታውቅም። ዝም ብትል ደግሞ ደምለው ቁይ ይሄዳል፤ እዚያም ቁልፍ የምትሰፋለት አይጠፋም። ይህች የመጨረሻዋ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ አቃጠለቻት። ሱሪውን አነሣች። ወይዘሮ ሥራነሽ ልጅ ሽማግሌ ፊት አይወጣም ብለው ቀሚሷን ያዙ፤ ቀስ ብላ ጣታቸውን አላቀቀችና መጋረጃውን ገለጠች። ማንንም ሳታይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሱሪውን የለቀቀው ስፌት ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ወንድሟ ክንድ ላይ አኖረችው።

«መምህር ደምለው ጠዋት ያመጡት ነው። ባለፈው እኛ የሰፋነው ለቅቋል» አለችና ተመልሳ ገባች።

ባላምባራስ ጥሎሽ የመጣ መስሏቸው ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ብለው ሐጂን ጠየቁ። አንሙት ጥቁሩን ክር አየ፣ ሰማያዊውን ክር አየ፤ አውራ ጣቱን በሁለቱ መሃል አስሮጠ። ወደ መጋረጃው ፊቱን ሳያዞር ስለ ደምለው ጠየቀ።

«ምን አለ?»

«ምንም አላሉም» አለች የብርጓል ከውስጥ።

«መቼ ነው ያወቀው?»

«በማግስቱ።»

አንሙት በአሳቡ ያን ዓመት ወደ ኋላ ቆጠረው። ሐጂ አብዱረዛቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስንት ቀን ጣቱን ቀስሮ ሌባ፣ ሌባ፣ ከጎረቤት የቀዳ ሌባ ብሎ እንደ ጮኸ፣ ያም ሰው የገዛ ሱሪውን ቅጂ የከተማው ልጆች ሁሉ ለብሰውት እየተመለከተ፣ በአንዲት ቃል ሊያፈርሰው እየቻለ፣ ስለ ከበሮው ብቻ ሲከራከረው እንደነበረ አሰበ። ጆሮው ድረስ ሞቀው። ሄዶ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሣ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አንድ እግራቸው ከደፉ ውጪ ነበር።

«መሪጌታ» አለ አንሙት፣ «ይቀመጡ።»

መሪጌታ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ቆሙ። ባላምባራስ ግን ሳይጨርስለት ተቀምጠው ነበር፤ ጉልበታቸው ዕልልታ አልጠበቀም። ዕልልታውን ከመጋረጃው ወዲያ ወይዘሮ ሥራነሽ አቀለጡት። የብርጓል አላለችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አለቀሰችም፣ ደስ ብሏት ነው። አንሙት በኋላ ክብሩን ለማዳን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ በሠርጉ ቀን መጀመሪያ የሚዘፈነው የመብረቅ ይሁን፣ ብልጭታ ይከተል፣ መከተሉን ለምዶታል አለ። ሐጂ አብዱረዛቅ በሙሽራው ስም ተስማሙ። ደምለው ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን እንደሚከራከርበት ያወቀች የብርጓል ብቻ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ተሸኝተው፣ ሐጂ ማጫወቻቸውን አቅፈው ሄደው፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ለጎረቤት ሊያወሩ ሲወጡ ጀንበር ጎንበስ ብላ ነበር። የብርጓል ብርጭቆ ልታነሣ ወደ ሱቁ ስትገባ አንሙት በሩ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የደምለውን ሱሪ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። እጁ ላይ ምላጭ ይዟል። የለቀቀውን ስፌት ሊያበጅለት መስሏት ልቧ ራራ፤ ዛሬ እኮ እሑድ ነው ጋሼ፣ ኃጢአት ነው፣ ነገ እኔ እሰፋዋለሁ አለችው።

«መስፋት ነው እንጂ መተርተር ማን ከለከለ» አላት ቀና ሳይል። ያኔ ነው ልብ ያለችው፤ ወንድሟ የያዘው የለቀቀውን ስፌት ሳይሆን የኋላ ኪሱን ነበር፤ ግማሹን ፈትቶ ውስጡን እየገለበጠ ያያል። «ያን ጊዜ ቸኩለን ኪሱን አላየነውም ነበር፣ እታለም። እይው እስቲ እንዴት እንዳዞረው።»

የብርጓል ጎንበስ ብላ ኪሱን አየች። ከዚያ ሄዳ የሲሚንቶ ወረቀቱንና ደረቁን ሳሙና አመጣችለት፤ ሰማያዊ ክር መኖሩንም ከመሳቢያው አረጋገጠች።